አባቴ ይሙት ያለችው ልጅ

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቆመው ነበር። ከፊታቸው ሦስት ወጣቶች ተቀምጠዋል። ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ቦታ ሊለቁላቸው ፈልገው ነው። ወንበሩ ግን የምንነሳበትን ምክንያት ሳያነብ አይለቅም፤ ከሃፍረት ወይም «ሰው ምን ይለኛል» ከማለት የተነሳ መነሳት ከ2064ቱ አዋጅ ወዲህ እንደ ግዳጅ ነው የሚቆጠረው። አንደኛው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ርኅራኄውን አርባ ሁለት አደረሰው። ወንበሩ የሚፈልገው ስልሳ ነው።

«በርታ፣ እናትህን አስብ» አለው ጓደኛው።

አሰበ መሰለኝ፣ ወደ ሠላሳ አንድ ወረደ።

«ተዉት ልጆቼ፣ ደርሻለሁ» ብለው አሮጊቷ ጠባሴ ላይ ወረዱ። ወጣቶቹ እውነተኛ ሐዘን ተሰማቸው። ያኔ ሦስቱም ወንበሮች ተራ በተራ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብለው ተከፈቱ።

አቤኔዘር እባላለሁ። የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ የምንጭ ንባብ ጽሕፈት ቤት፣ መስኮት ስድስት ላይ ነው። መስኮት ስድስት የጧሪነት ፈቃድ ይሰጣል። እናቱን ወይም አባቱን በቤቱ መጦር የሚፈልግ ሰው በየሦስት ዓመቱ እየመጣ እጁን ሰሌዳው ላይ ያኖራል፤ ሰሌዳው ደግነቱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ከርኅራኄ ከሆነ ፈቃዱ ይታደሳል። ከፍርሃት፣ ከጸጸት ወይም ከይሉኝታ ከሆነ ሽማግሌው ወደ ንጹሕ ልብ ማዕከል ይዛወራል። ማንም ሰው በተገደደ እጅ መታጠብ የለበትም ይላል አዋጁ። ሲነበብ ያምራል።

የራሴን ንባብ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። የሰው ዕቃ የማልነካው ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ በአንዲት እርሳስ ምክንያት ሰልፍ ፊት ስለተገረፍኩ ነው። እኔ ጨዋነቴ ከቤተሰብ የወረስኩት ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ሱራፌል የመጡት በዚያው ሰኞ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋቸው ልጃቸው ሶልያና ናት። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ጢማቸው ተላጭቷል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ጫማቸው ያበራል። ሠላሳ ሁለት ዓመት መሬት ያልረገጠ ጫማ ማን ይወለውላል? ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው።

«ስምህ ማነው?» አሉኝ፣ ወረቀታቸውን ከማቀበላቸው በፊት።

«አቤኔዘር።»

«የማን ልጅ?»

«የአቶ ቃለአብ።»

«የትኛው ቃለአብ? ያ ረጅሙ? ኳስ ትቶ ሰው የሚመታው?»

«ሳይሆን አይቀርም፤ እኔንም መትቶኛል።»

ሳቁ። ሲስቁ ወንበሩ አብሯቸው ይንቀጠቀጣል። ሶልያና አልሳቀችም። አርባ ሞልቷታል፤ ጣቶቿን ሳሙና በልቷቸዋል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አባቷን ብቻዋን ስታነሳና ስትጥል ኖራለች። ሊያገባት የነበረው ሰው ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ሲሄድ «ነይ» ብሏት ነበር፤ አልሄደችም። ይህ ሁሉ ከፋይሉ ላይ አለ፤ ፋይል ወሬኛ ነው።

«ሶሊዬ፣ እጅሽን አኑሪ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል» አሏት።

አኖረች። ጸጸት ሰማንያ ሦስት። ልማድ ዘጠኝ። ርኅራኄ አምስት። ያልታወቀ ሦስት። እስከ አምና ጸጸትና ርኅራኄ ይደመሩ ነበር፤ ዘንድሮ ተለያይተዋል።

«አምስት?» ጋሽ ሱራፌል አንገታቸውን አስግገው አዩ። «እኔ እኮ ለጎረቤት ድመት እንኳ ከዚያ በላይ አላጣም!»

«አባዬ፣ ዝም በል።»

«ኧረ አልተቀየምኩም። አምስትም ይሁን፣ ሾርባው ትኩስ ነው።»

እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ምንጩ ለባለጉዳዩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ደንብ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ፦

«መስከረም 2039፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ዕድሜ ስምንት። የአባቷን የብረት ሜትር እስከ መጨረሻው ስባ አወጣችው፤ አልመለስ አላት። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። አባት፦ ሜትሬን አይተሻል? ልጅ፦ አላየሁም። አባት፦ እውነት? ልጅ፦ አባቴ ይሙት። ማክሰኞ ጠዋት አባት ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሶላር ሲያስር ወደቀ።»

ቀና ስል ሶልያና መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ ሱራፌል አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያሉ።

«በዚህ ነው እንዴ?» አሉ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሜትር?»

«በሐሰት ማልኩብህ። በሦስተኛው ቀን ወደቅክ።»

«ልጄ፣ ጣሪያው ጤዛ ነበረው! ጫማዬ ሶሉ አልቆ ነበር!»

«አባቴ ይሙት አልኩ እኮ።»

«እኔስ? ለምን አረፈድክ ባሉኝ ቁጥር ‹ሶሊ ትሙት፣ መንገድ ተዘግቶ ነው› እያልኩ አይደል የኖርኩት? በሳምንት ሁለቴ እገድልሽ ነበር! ይኸው፣ አርባ ሞልተሽ እኔኑ ትቆጪኛለሽ።»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሶልያና ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የወደቅኩት እኔ ብሆን ኖሮ አትስቅም ነበር» አለችው።

የጋሽ ሱራፌል ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመ። ሰልፉም ዝም አለ።

አለቃዬ ወይዘሮ ሐመልማል ዝምታ ሲሰማ ከቢሮዋ ትወጣለች። መጥታ ወረቀቱን በቁሟ አነበበች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ርኅራኄዋ ሰባ ስምንት መሆኑ በር ላይ ተለጥፏል።

«ሥሩ ስህተት ነው» አለች። «መሐላ ከጣሪያ ሰው አይጥልም። ከስህተት የተወለደ ደግነት ስህተት ነው።»

«እኔም ከስህተት ነው የተወለድኩት» አልኩ። «እናቴ በየልደቴ ትነግረኛለች።»

«አንተ ሥራህን ሥራ።» ወደ ሶልያና ዞረች። «ሁለት መንገድ አለሽ፣ እህቴ። አባትሽን ዛሬ ታስረክቢያለሽ። ወይም ምንጩ ይጸዳልሽና በአሥራ አምስት ቀን እንደገና ትነበቢያለሽ። አያምም። ያቺ ቅዳሜ ብቻ ናት የምትቀዘቅዘው።»

«ከዚያ በኋላ ምን ይቀራል?»

«ንጹሑ ይቀራል። ፍቅር ካለ ይቀራል። ካልቀረም ቀድሞውኑ አልነበረም ማለት ነው።»

«አለ» አለች ሶልያና። «እንደሌለ የሚያስመስለው ጸጸቱ ነው። ጀርባውን ባጠብኩት ቁጥር የማየው ያንን ሜትር ነው፤ እስከ መጨረሻው ተስቦ፣ እንደ እባብ መሬት ላይ ተጋድሞ። አንድ ቀን እንኳ አባዬን ብቻ እያየሁ ባጥበው ምናለበት?»

«ሶሊዬ፣ ተይው» አሉ ጋሽ ሱራፌል። አሁን ቀልዱ የለም። «እኔ የመብራት ሰው ነኝ። አምፖሉ ከበራ፣ መስመሩ በየት በኩል መጣ ብዬ ግድግዳ አላፈርስም።»

«ካልጸዳሁ ይወስዱሃል።»

«ይውሰዱኝ።»

«አልሰጥም» አለች። ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለእኔም፣ ለወይዘሮ ሐመልማልም፣ ለሰልፈኛውም ነበር የምትናገረው። «አባቴን ለማንም አልሰጥም።»

ፈረመች። እስክሪብቶውን የያዘችበት አያያዝ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ ሊነጥቃት የመጣ ያለ ይመስል ነበር።

እስከ ሁለተኛው ንባብ ድረስ ጋሽ ሱራፌል በእንግድነት ማዕከሉ ገቡ። በሳምንቱ ለሌላ ጉዳይ ወረቀት ላደርስ እዚያ ሄጄ አገኘኋቸው። የማዕከሉ ሠራተኞች ከዘጠና በላይ ርኅራኄ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ ከመላው አገር ተመርጠው ነው የሚመጡት። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ይነፋረቃሉ። አንድ አዛውንት በሩ ላይ ቆመው፣ ውሃ የሚሰጣቸው ሰው እስኪረጋጋ ይጠብቃሉ።

«ና፣ ና የቃለአብ ልጅ» አሉኝ ጋሽ ሱራፌል። ጢማቸው አድጓል። «እዚህ ያሉት ልጆች ወርቅ ናቸው፤ ግን ባዩኝ ቁጥር ያለቅሳሉ። ሳጽናና ደከመኝ። ትናንት አንዷ ‹እግርዎ!› ብላ እዬዬ ስትል ሾርባው በረደ። እሷን ሳባብል ምሳዬ አለፈ።»

«ለኃላፊው ልንገርልዎት?»

«ተው፣ ይሰማቸዋል።» ወደ ኮሪደሩ አዩ። «ማጽዳቱ… ያማል?»

«አያምም ጋሼ።»

«ትረሳኛለች?»

«አትረሳም። ሁሉንም ታስታውሳለች። ያቺ ቅዳሜ ብቻ የሌላ ሰው ታሪክ ትመስላታለች።»

ብርድ ልብሳቸውን ጎተቱ። ልረዳቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«እኔ እኮ ያን ቀን አውቄባት ነበር» አሉ። «አባቴ ይሙት ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። የሜትሩን መያዣም ሽንት ቤቱ ደጃፍ ላይ አግኝቼዋለሁ። ልቆጣት ተነስቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፣ ታምነኛለህ? እስከዚያ ቀን ድረስ ስትዋሽ ከንፈሯ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የሆነ ነገር ውስጧ ገባ፣ ልጄ ሰው ልትሆን ነው አልኩ።»

«ለምን አልነገሯትም?»

«ትንሽ ትደግ ብዬ ነበር። ከዚያ ወደቅኩ። ከዚያ እሷ በአንድ ሳምንት አደገች።»

ወረቀቶቼን ይዤ ስወጣ ይህ ነገር በየትኛው ሣጥን እንደሚገባ አሰብኩ። ከሐሰት መሐላ የመጣ ጸጸት እናውቃለን፤ ኮድ አለው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታፍር አይቶ በዝምታ የተደሰተ አባት ግን ኮድ የለውም።

ሶልያና በአሥራ አምስተኛው ቀን በሰዓቱ መጣች። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ጸጉሯን ተሠርታለች፣ ከዓይኖቿ ሥር የነበረው ጥቁረት ጠፍቷል፣ ትከሻዋ ዝቅ ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታዋን አየሁ፤ የአባቷ ነው።

«እንቅልፍ ተኛሁ» አለችኝ፣ አዲስ የመጣ ምግብ እንደቀመሰ ሰው። «እንዲህ ነው እንዴ የሚተኛው?»

ሳልጠይቃት እጇን ሰሌዳው ላይ አኖረች። ርኅራኄ ዘጠና አንድ። ልማድ ስድስት። ጸጸት ዜሮ። ያልታወቀ ሦስት። እዚህ መስኮት ላይ በሠራሁበት ሰባት ዓመት ዘጠና አንድ አይቼ አላውቅም። ወይዘሮ ሐመልማል አጨበጨበች። ፈቃዱ ታትሞ ወጣ፤ በወፍራም ወረቀት፣ ለሦስት ዓመት። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ፍቅሩ ነበረ ማለት ነው፣ ሽማግሌው ቤታቸው ሊገቡ ነው አልኩ።

ጋሽ ሱራፌልን አንዲት የማዕከሉ ሠራተኛ እየገፋች አስገባቻቸው። ሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ ዘሎ ተቆልፏል። ልጃቸውን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ።

ሶልያና አንድ እጇ ሰሌዳው ላይ እንዳለ በሌላው እጃቸውን ያዘች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። የምር እንባ ነው። ቁጥሩ ዘጠና አንድ ላይ ቆሟል።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ? ከሳህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አንቺ ግን አማረብሽ!»

ከእሳቸው ጀርባ ሌላ አዛውንት ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ሶልያና ቀና ብላ አየቻቸው። ዘጠና አንድ። በመስታወቱ በኩል ጭነት ተሸክሞ የሚያልፍ አህያ አየች። ሰማንያ ስምንት።

ሰሌዳው ፊቱ ወደ እኔ ነው። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ፈቃዱ ካለኝ መውሰድ ግዴታ ነው?»

«አይ፣ ፈቃድ ነው። መውሰድም መተውም ይቻላል።»

«እንደሱ ከሆነ…» ወደ አባቷ ጎንበስ አለች። ድምፅዋ ላይ ምንም ክፋት የለም፤ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ። «አባዬ፣ ሳስበው ነበር። እዚያ ሐኪም አለ፣ ሰው አለ፣ መታጠቢያው እንኳ ለወገብህ ይመቻል። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ለብቻዬ ይዤህ ለምን እንደኖርኩ አሁን ሳየው ግራ ይገባኛል። ለአንተ የሚሻለው የቱ ነው? እውነቱን ንገረኝ። ቤት ውሰጂኝ ካልክ አሁኑኑ እወስድሃለሁ።»

ትወስዳቸው ነበር። በዚህ አልጠራጠርም። ወንበሩን ገፍታ፣ አውቶቡስ አሳፍራ፣ ሾርባ ሠርታ ታበላቸው ነበር፤ እንደ ማንኛውም ደግ ሰው።

ጋሽ ሱራፌል ልጃቸውን አዩዋት። ረጅም ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያላዩትን ፊት ፈልገው ያገኙ መሰሉ፦ ሳይወድቁ በፊት የነበረችው ልጅ፣ ከንፈሯ ከመንቀጥቀጡ በፊት የነበረችው።

«ኧረ እዚያ ነው የሚሻለኝ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንዴት ብዬ ልንገራት እያልኩ ጨንቆኝ ነበር። ካርታ የሚጫወት ጓደኛም አግኝቻለሁ። ያንቺ ሾርባ እኮ፣ ሳይደብቁ ቢናገሩት፣ ጨው ይበዛበታል።»

«ይበዛበታል?» ሳቀች ሶልያና። «ምነው እስከዛሬ ሳትነግረኝ!»

«አሁን ነገርኩሽ።»

ስምምነት ይነበባል። ደንብ ነው። ሰሌዳውን አዞርኩላቸውና እጃቸውን አኖሩበት። ይሉኝታ ዘጠና ሰባት። ያልታወቀ ሦስት።

ከይሉኝታ የተሰጠ ስምምነት ፈራሽ ነው። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለስንቱ ሰው አንብቤዋለሁ። ፈራሽ ብዬ ብጽፍ ሽማግሌው ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ባለ ዘጠና አንዷ ሴት ታጥባቸዋለች፣ ጀርባቸውን ስታሽ አንድም ነገር አታይም። እሳቸው ግን ያያሉ።

«አለፈ አይደል፣ የቃለአብ ልጅ?» አሉኝ። ሲናገሩ ከንፈራቸው አልተንቀጠቀጠም። ከሰሌዳው ላይ እጃቸውን አላነሱም፤ ቁጥሩን በመዳፋቸው ከልለውታል።

ወይዘሮ ሐመልማል ከኋላዬ ቆማ፣ «ንጹሕ ነው?» አለች።

«ንጹሕ ነው» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ሶልያና ግንባራቸውን ሳመች። በየሳምንቱ እንደምትመጣ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ሥራ እንዳትፈታ፣ በወር አንዴ ይበቃል አሏት፤ «እሺ» አለች። ወዲያው ነው እሺ ያለችው። ወረፋ ለሚጠብቁት አዛውንትም እጅ ነስታ፣ ቀለል ባለ እርምጃ ወጣች።

በሩ ከመዘጋቱ፣

«ጃኬቷ!» አሉ ጋሽ ሱራፌል። አግዳሚው ላይ ትታው ሄዳለች። «ሩጥ ልጄ፣ የኅዳር ብርድ ነው፤ ደረቷን ቶሎ ይይዛታል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው።»

መስኮቱን ትቼ ሮጥኩ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረስኩባት። ነፋሱ አቧራ ያነሳል።

«ወይኔ፣ አመሰግናለሁ!» አለች። «ማን አየልኝ?»

«አባትዎ ናቸው የላኩኝ። ይልበሱት፣ ‹ይበርዳታል› ብለዋል።»

«አይ፣ ደግ ሰው» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ጃኬቱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ተሳፈረች፣ በመስታወቱም እጇን አወዛወዘችልኝ።

ስመለስ የማዕከሉ ሠራተኛ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙራለች። ልትገፋ ስትል ጋሽ ሱራፌል ጎማውን በሁለት እጃቸው ይዘው አስቆሙት።

«ለበሰችው?» አሉኝ።

«ለብሳዋለች ጋሼ።»

«እስከ አንገቷ ቆለፈችው?»

«እስከ አንገቷ።»

ጎማውን ለቀቁት።